የቤት ውስጥ ተክሎችን ማዞር፦ መቼ ይጠቅማል? መቼስ አያስፈልግም?

በመኖሪያ ቤትና በመሥሪያ ቤት መስኮት አጠገብ የሚቀመጡ ተክሎች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወደ መስታወቱ አዘንብለው መታየታቸው የተለመደ ነው። ይህ በአብዛኛው ተክሉ ብርሃን የሚያገኘው ከአንድ አቅጣጫ ብቻ መሆኑን የሚያመለክት እንጂ የበሽታ ወይም የውኃ እጥረት ምልክት አይደለም። ይሁን እንጂ ብዙዎች ተክሉ የደከመ እየመሰላቸው ውኃ ይጨምሩለታል፤ በዚህም ምክንያት መዝመሙ ያልጎዳው ተክል ሥሩ በስብሶ ይደርቃል።

የእንግሊዝ ተወላጁ የተፈጥሮ ሳይንስ ተመራማሪ ቻርልስ ዳርዊን ከልጁ ከፍራንሲስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1880 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የሣር ቡቃያ ጫፉ ከብርሃን ሲሸፈን ወደ ብርሃን መታጠፉን እንደሚያቆም አመልክቷል። ከዚያ በኋላ የተካሄዱ ምርምሮች ኦክሲን የተባለው የዕድገት ሆርሞን ብርሃን በማያገኘው የግንዱ ጎን እንደሚበዛ አረጋግጠዋል። በዚያ ጎን ያሉ ሕዋሳት ይበልጥ ስለሚረዝሙ ግንዱ ወደ ብርሃኑ ይታጠፋል። መታጠፉ የሚከናወነው በዕድገት በመሆኑ ለጋ ቅርንጫፍ ሲዞር ይስተካከላል፤ የጠነከረና እንጨት የሆነ ግንድ ግን አይቃናም። ስለዚህ ማዞር የሚጠቅመው ተክሉ ከመጉበጡ በፊት ከተጀመረ ነው።

ለአብዛኞቹ ተክሎች የአበባ መትከያ ዕቃውን በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ውኃ በሚጠጡበት ዕለት፣ ሩብ ዙር ማዞር በቂ ነው። በዚህ አኳኋን በአራት ሳምንት አንድ ሙሉ ዙር ይጠናቀቃል። አቅጣጫው እንዳይዘነጋ በዕቃው ጠርዝ ላይ ምልክት ማድረግ ይመከራል። ኃይለኛ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት በአንድ ጊዜ ግማሽ ዙር ማዞር ተገቢ አይደለም፤ በጥላ ያደጉ ቅጠሎች በድንገት ለፀሐይ ሲጋለጡ ሊቃጠሉ ይችላሉ። በመስኮት ሥር የሚፈሉ የቃሪያ፣ የቲማቲምና የጎመን ችግኞች ፈጥነው ስለሚያድጉ በየቀኑ መዞር አለባቸው።

በአገራችን መስኮት ሲመረጥ የፀሐይን የወቅት ለውጥ ማጤን ይገባል። በአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ወደ ሰሜን፣ በቀሪዎቹ ወራት ደግሞ ወደ ደቡብ ያዘነብላል። በመሆኑም በበጋ በደቡብ መስኮት በቀጥታ ፀሐይ ሲያገኝ የነበረ ተክል በክረምት ያን ያጣል፤ ደመናውም ብርሃኑን ይቀንሰዋል። ለአውሮፓ ወይም ለሰሜን አሜሪካ ተብለው የተጻፉና የደቡብ መስኮትን ዓመቱን ሙሉ የሚያስመርጡ መመሪያዎች እዚህ እንዳሉ ሊሠራባቸው አይችልም።

ማዞር ብርሃኑን ለሁሉም ጎን ያዳርሳል እንጂ መጠኑን አይጨምርም። ግንዱ ቀጥኖ ከረዘመ፣ በቅጠሎች መካከል ያለው ርቀት ከሰፋ፣ አዲስ ቅጠሎችም አንሰውና ገርጥተው ከወጡ ችግሩ የብርሃን ማነስ ነው። ለጌጥ ሲባል በኮሪደር ጥግ የሚቀመጡ የመሥሪያ ቤት ተክሎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዱት በዚህ ምክንያት ነው፤ የቱንም ያህል ቢዞሩ ለውጥ አያሳዩም። መፍትሔው ተክሉን ወደ መስኮት ማስጠጋት፣ የመስኮቱን መስታወትና የቅጠሎቹንም አቧራ መጥረግ ነው።

መዞር የሌለባቸውም አሉ። ኦርኪድ የአበባ ዘንግ ካወጣበት ጊዜ አንሥቶ አበባው እስኪፈነዳ ድረስ ባለበት ይቆይ፤ ከዞረ ዘንጉ ይጠማዘዛል፣ አበቦቹም ፊታቸውን ወደ ተለያየ አቅጣጫ ያደርጋሉ። ከሁለት ጎን ወይም ከላይ ብርሃን በሚገባበት ክፍል ያለ ተክል፣ በግድግዳ ላይ እንዲወጣ የተደረገ ሐረግም ማዞር አያስፈልገውም።

አስቀድሞ የጎበጠን ለስላሳ ግንድ ያለው ተክል፣ ለምሳሌ ጄራኒየምን፣ ከመታጠፊያው በታች ከአንጓ በላይ መቁረጥ ይቻላል። ከቀረው ግንድ አዲስ ቅርንጫፍ ያቆጠቁጣል፤ የተቆረጠውም ጫፍ በእርጥብ አፈር ሲተከል ሥር አውጥቶ ሌላ ተክል ይሆናል።