በአንድ ወንዝ ላይ ሁለት ዓይነት መንገደኞች

የሰመር ወራት ሲደርስ በውጭ አገር የሚኖረው ኢትዮጵያዊ እርስ በርሱ የሚጠያየቀው «ዘንድሮ ቫኬሽን ወዴት ነው?» እያለ ነው። አንዱ ተራራ ልወጣ ነው ይላል፤ ሌላው ባሕር ዳር ጋደም ብዬ ልክረም ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ አገር ቤት ገብቼ ዘመድ ልጠይቅ ይላል። ሦስቱም በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ አንድ አይደሉም። የልዩነቱን ምንጭ ለመረዳት ለሚሻ ሰው የዓባይ ወንዝ ታሪክ ብዙ ያስተምራል።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ምጽዋ የገባው እ.ኤ.አ. በ1769 ነበር። በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ ጎንደር ደረሰ፤ በዚያው በ1770 በኖቬምበር ወር ሰከላ ዘልቆ የግሽ ዓባይን ምንጭ አየ። ዘመኑ መሳፍንቱ እርስ በርስ የሚፋጁበት፣ መንገዱም ዛሬ ተከፍቶ ነገ የሚዘጋበት ነበር። አብሮት የመጣው ጣልያናዊ ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ ጎንደር ላይ ታሞ ሞተ። ብሩስ ሲመለስ በስናር በኩል ወርዶ የኑቢያን በረሃ አቋረጠ፤ ግመሎቹ አልቀው፣ እግሩ ቆስሎ አስዋን ገባ። የጉዞ ታሪኩን በአምስት ቅጽ ያሳተመው በ1790 ሲሆን፣ ለንደን ውስጥ ግን ብዙዎች ውሸት ነው ብለው አፌዙበት።

ጀብዱ ማለት ይህ ነው። መንገደኛው ነገ የት እንደሚያድር አያውቅም፤ አደጋውን የሚሸከመው ራሱ ነው፤ ዋጋውም አስቀድሞ አይነገረውም። «ትራቭል» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል እንኳ የተወለደው ልፋትና ሥቃይ የሚል ትርጉም ካለው የጥንት ፈረንሳይኛ ቃል ነው።

ይሁንና ጀብደኛ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነገር አለ። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ስፔናዊ ኢየሱሳዊ ከብሩስ 152 ዓመት ቀድሞ፣ በ1618፣ ያንኑ ምንጭ አይቶት ነበር። የግሽ ሕዝብ ደግሞ ማንም መጥቶ እስኪያገኝለት አልጠበቀም፤ ምንጩ ከጥንት ጀምሮ የሚያከብረው ቦታው ነው። ብሩስም ቢሆን እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ወይዘሮ አስቴር በጎንደር ተቀብለው ባያስጠጉት ኖሮ የትም ባልደረሰ ነበር። ለጀብደኛው ያልታወቀ ምድር፣ ለነዋሪው የእለት ተእለት ቀዬው ነው።

አሁን ወደዚያው ወንዝ የታችኛው ክፍል እንውረድ። ቶማስ ኩክ የተባለ እንግሊዛዊ አናጺ፣ መጠጥን አጥብቆ የሚቃወም ሰው ነበር። ጁላይ 5 ቀን 1841 ለፀረ መጠጥ ስብሰባ 500 ያህል ሰዎችን በነፍስ ወከፍ አንድ ሽልንግ አስከፍሎ ከሌስተር ወደ ላፍቦሮ በባቡር ወሰደ። ሥራው ሰፍቶ በ1869፣ ማለትም ብሩስ ምጽዋ ከገባ ልክ መቶ ዓመት በኋላ፣ እንግዶቹን በእንፋሎት መርከብ አሳፍሮ በግብጽ ዓባይን ሽቅብ አስጎበኛቸው። ወንዙ ያው ነው፤ መንገደኛው ግን ተለውጧል። ምግቡ፣ አልጋው፣ የመመለሻው ቀን ሁሉ አስቀድሞ ታውቆ ተከፍሎበታል። ኩክ የሸጠው ጉዞን ብቻ ሳይሆን ከሐሳብ መገላገልን ነው። በእርሱ ስም የሚጠራው ኩባንያ በ2019 ከስሮ ሲዘጋ 150,000 ያህል እንግሊዛውያን በየአገሩ ቀርተው መንግሥታቸው በአውሮፕላን ሰብስቧቸዋል።

እንዲህ ያለው እረፍት መጀመሪያ የባለጸጎች ብቻ ነበር። ሠራተኛው ያገኘው ታግሎ ነው። በፈረንሳይ በ1936 ሠራተኞች በየፋብሪካው አድማ መትተው ሥራ ካቆሙ በኋላ፣ የሊዮን ብሉም መንግሥት ደመወዝ የሚከፈልበት የሁለት ሳምንት የዓመት ፈቃድ በሕግ ደነገገ። በ1993 የአውሮፓ ማኅበረሰብ ይህን ወደ አራት ሳምንት አደረሰው። በአሜሪካ ግን ዛሬም ቢሆን አሠሪ ሁሉ ደመወዝ እየከፈለ የዓመት ፈቃድ እንዲሰጥ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም። ስለዚህ ፍራንክፈርት ተቀጥሮ የሚሠራው ኢትዮጵያዊ በሕግ ያረፈበትን ቀን፣ ዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳው ወንድሙ ከኪሱ ከፍሎ ያርፍበታል።

እረፍት የፈረንጅ ቅንጦት ነው የሚል ካለ ደግሞ የአዲስ አበባን ታሪክ ያስታውስ። የአጼ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ብርድና ንፋስ በበዛበት እንጦጦ ላይ ሳለ፣ መኳንንቱ ለመታጠብና ለመፈወስ ወደ ፍል ውሃ ይወርዱ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ቦታውን ወደዱት፤ በ1879 ዓ.ም. ቤት እንዲሠራበት ጠይቀው ስሙን አዲስ አበባ አሉት። መዲናይቱ የተቆረቆረችው ሰው ሊያርፍ በወረደበት ስፍራ ነው።

በጀብዱም በእረፍትም ሊጠራ የማይገባው ጉዞ ሌላ ነው። ብሩስ ያለፈበትን የሱዳን ምድር ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ብዙ ሺሕ ኢትዮጵያውያን በእግራቸው ረግጠውታል። ከእነዚህም መካከል ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ 8,000 ያህሉ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲወሰዱ፣ 4,000 ያህሉ በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች እንዳለቁ ይነገራል። ጥሙና ሽፍታው ብሩስን ያስፈራው ዓይነት ነበር። ልዩነቱ ምርጫው ላይ ነው። ብሩስ ቢፈልግ ቤቱ መቅረት ይችል ነበር፤ ሲመለስም ርስቱና አገሩ ይጠብቁት ነበር። ስደተኛ ይህ የለውም። ስለዚህ የስደትን መንገድ ጀብዱ ብሎ ማሞገስ የተከፈለበትን ዋጋ ማሳነስ ነው።

አገር ቤት ለዘመድ ጥየቃ መግባትም ቢሆን እረፍት አይባልም። ሻንጣው በአደራ ዕቃ ይሞላል፤ ለቅሶ ይደረሳል፤ የታመመ ይጠየቃል፤ ሠርግ ይበላል። ይህ የፍቅርና የግዴታ ጉዞ ነው፤ ክብሩም በዚያው ነው። ሆኖም ሰው ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀመውን ፈቃድ ጨርሶበት ደክሞ ሲመለስ «አርፌ መጣሁ» ቢል ራሱን ይሸነግላል።

እንግዲህ ጀብዱ የሚያምረው መርጦ ለሚወጣና መመለሻ ላለው ሰው ነው። እረፍት ግን ከዚህ ይለያል፤ ሠራተኞች በትግል ያስከበሩት መብት ነው። በረሃና ባሕር አቋርጦ ለመጣ፣ በሁለት ሥራ መካከል እንቅልፉን ለሚሰርቅ ሰው፣ የጎደለው ሌላ ጀብዱ አይደለም። ሕግ ባይሰጠውም እንኳ ከዓመቱ ጥቂት ቀን ቆርጦ፣ ስልኩን አስቀምጦ፣ ከቤተሰቡ ጋር በአቅራቢያው ባለ ውሃ ዳር ቢቀመጥ፣ እቴጌይቱ ፍል ውሃ ወርደው ያገኙትን ያገኛል።