ባለ ጣሪያው አደባባይ

ባለፈው ክረምት አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ያዘኝና እዚሁ አዲስ አበባ ካሉት ሞሎች አንዱ ውስጥ ገባሁ። ከመግቢያው አጠገብ ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስልኬን ስነካካ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየሁ። የጥበቃ ሠራተኛው መጣና በትህትና «ወንድሜ፣ ሰው እየጠበቅክ ነው?» አለኝ። «ዝናቡ እስኪያባራ ነው» አልኩት። ሳቀ፤ ግን ከአጠገቤ አልሄደም። ገባኝና ተነሳሁ። በልጁ አልፈርድም፣ የታዘዘውን ነው የሠራው። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ያ ቦታ መቀመጫ አለው፣ ዛፍ አለው (ፕላስቲክ ቢሆንም)፣ ሰው ይተላለፍበታል፣ ቀጠሮ ይያዝበታል። አደባባይ ይመስላል። አደባባይ ላይ ግን ለምን ተቀመጥክ የሚል የለም። ደህና፣ አንዳንዴ አለ፤ እሱን ለሌላ ቀን እንተወው።

ጥያቄው እየጎተተ ሚኒሶታ አደረሰኝ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ሚኒሶታ ብርድ ከዘመድ ወይም ከጓደኛ ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። እዚያ፣ ከሚኒያፖሊስ ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ ኢዲና የምትባል ዳርቻ ከተማ አለች። ኦክቶበር 8 ቀን 1956 ሳውዝዴል የተባለ የገበያ ማዕከል ተከፈተባት። ዛሬ «ሞል» ስንል በአእምሯችን የሚመጣው ነገር፣ ማለትም ሙሉ በሙሉ የተዘጋ፣ አየሩ በማሽን የሚስተካከል፣ ሱቆቹ ጀርባቸውን ለመንገድ ሰጥተው ፊታቸውን ወደ ውስጥ ያዞሩበት ሕንጻ፣ የዘር ሐረጉ ሲቆጠር የሚደርሰው እዚህ ነው። ጣሪያ ያለው ገበያ አዲስ ነገር አልነበረም። ኢስታንቡል ስንት ዘመን ነግዳበታለች፣ ሚላኖም በ19ኛው ክፍለ ዘመን በመስታወት ጣሪያ የተሸፈነ ውብ መተላለፊያ ሠርታለች። የሚላኖው ግን የከተማው መንገድ ቅጥያ ነው፤ በአንዱ በኩል ገብተህ በሌላው ወጥተህ መንገድህን ትቀጥላለህ። ሳውዝዴል የተተከለው ሜዳ ላይ ነው። ስትወጣ የምታገኘው የመኪና ማቆሚያ ነው።

የሠራው ሰው ቪክቶር ግሩን ይባላል። በ1903 ቪየና ውስጥ የተወለደ አይሁዳዊ፣ ሶሻሊስት፣ ማታ ማታ በትንንሽ መድረኮች ላይ ፖለቲከኞችን የሚቀልድባቸው አርክቴክት ነበር። በ1938 ሂትለር ኦስትሪያን ሲጠቀልል ሸሽቶ አሜሪካ ገባ። ኪሱ ውስጥ የነበረው ስምንት ዶላር ብቻ ነበር ይባላል፤ እንግሊዝኛም አይችልም። ኒውዮርክ ውስጥ የሱቅ ፊት ለፊት በማሳመር ጀመረ። አላፊ አግዳሚውን የሚያስቆም መስኮት መሥራት ይችልበታል ተባለ፤ ሥራም ጎረፈለት።

ግን ሰውየው አሜሪካን ሲያይ አንድ ነገር ያንገበግበው ነበር። ሕዝቡ በመኪና ወደ ዳርቻ እየፈለሰ ነው፤ ዳርቻው ደግሞ ቤትና መንገድ እንጂ ሌላ የለውም። ቪየና ላይ የሚያውቀው ነገር፣ በእግር እየተንሸራሸሩ ሰው ማየት፣ ቡና ቤት በር ላይ ቆሞ መከራከር፣ እዚያ ቦታ የለውም። ስለዚህ አሰበ፦ ነጋዴው ገንዘቡን ያውጣ፣ እኔ በገበያ ስም አደባባይ ልሥራላቸው። በ1954 ዲትሮይት አጠገብ ኖርዝላንድን ሠራ፤ እሱ ገና ጣሪያ አልነበረውም። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሳውዝዴል መጣ።

ገንዘቡን ያወጡት ዴይተኖች ናቸው፤ ሚኒያፖሊስ መሀል ትልቅ መደብር የነበራቸው ቤተሰቦች። ግሩን የሚኒያፖሊስን ዓመት ቆጥሮ ነገራቸው፦ ለገበያ የሚመች አየር ያለባቸው ቀናት 126 ብቻ ናቸው። የቀረው ወይ ብርድ ነው፣ ወይ ሙቀት፣ ወይ ዝናብ። ጣሪያው የመጣው ከዚህ ስሌት ነው። ወጪው 20 ሚሊዮን ዶላር፣ ሱቆቹ 72፣ ማቆሚያው 5,200 መኪና የሚይዝ። በመክፈቻው ቀን 75,000 ሰው ጎረፈ። ውጭው ምንም ይሁን ምን፣ ውስጡ ዓመቱን ሙሉ 24 ዲግሪ ገደማ ነው። መሀሉ ላይ እውነተኛ ዛፎች፣ የዓሣ ገንዳ፣ ወፎች የሚንጫጩበት ረጅም ጎጆ፣ ቡና ቤት፣ ሃሪ በርቶያ የሠራው የብረት ቅርጽ። የከተማው ሲምፎኒ ኦርኬስትራ የዳንስ ግብዣውን ሳይቀር እዚያ አደረገ።

አንድ ነገር በጣም ይገርመኛል። ዴይተኖች ዋና ተፎካካሪያቸውን ዶናልድሰንን ጠርተው በዚያው ጣሪያ ሥር ሱቅ ሰጡት። ሁለት ትልልቅ መደብሮች በሁለት ጫፍ ሲቆሙ፣ ገበያተኛው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመላለስ በመሀል ያሉት ትንንሾች ይሸጣሉ። የእኛ መርካቶ ይህን አብሮ የመሆን ጥበብ ከማንም ሳይማር ያውቀዋል፤ ሸማ ሻጩ ከሸማ ሻጭ፣ ብረት ነጋዴው ከብረት ነጋዴ ጎን ነው የሚቀመጠው። ልዩነቱ መርካቶ ውስጥ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚወስን አንድ አከራይ አለመኖሩ ነው።

ሁሉም አላጨበጨበም። ያኔ ዕድሜው ወደ ዘጠና የተጠጋው ታዋቂው አርክቴክት ፍራንክ ሎይድ ራይት መጥቶ ጎበኘና፣ ይህ ግቢ የገጠር ከተማ መንገድን ጣጣ ሁሉ አምጥቶ ውበቱን ግን እዚያው ትቶታል የሚል ነገር ተናግሮ ሄደ። ራይት የሰው ሥራ ብዙም አይጥመውም ነበር፤ ቢሆንም አልተሳሳተም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ግሩን የነደፈው ሞል ብቻ አልነበረም። ዴይተኖች የገዙት መሬት 463 ኤከር ነው፤ ወደ 187 ሄክታር። በእቅዱ ላይ ሞሉ መሀል ሆኖ ዙሪያውን መኖሪያ ቤት፣ አፓርታማ፣ ትምህርት ቤት፣ ሕክምና ማዕከል፣ መናፈሻ፣ ሐይቅ ሳይቀር ነበር። ሰው ከቤቱ ወጥቶ በእግሩ ወደ አደባባዩ ይመጣል ተብሎ ነበር የታሰበው። ሞሉ ሲከፈት ግን የዙሪያው መሬት ዋጋ ጨመረ። መሬት ሲወደድ መሸጥ ያዋጣል። ተሸጠ። ሆስፒታሉ በ1965 ተከፍቷል፤ ሌላው ሁሉ የሆነው መኪና እንደፈለገው ነው። ከእቅዱ ትርፍ የሚያመጣው ክፍል ተሠራ፣ የማያመጣው ወረቀት ላይ ቀረ።

እንዲህ ዓይነት ታሪክ ሲነገር ሁሉም ነገር የሸማቹ ምርጫ ይመስላል። አይደለም፤ መንግሥት እጁ አለበት። በ1954 የአሜሪካ ምክር ቤት የግብር ሕጉን አሻሽሎ፣ አዲስ ሕንጻ የሠራ ባለሀብት የሕንጻውን እርጅና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አብዝቶ እንዲቀንስ ፈቀደ። ገንዘብ እያስገባ ያለ ሞል በወረቀት ላይ ኪሳራ ያሳያል፤ ባለቤቱም ግብር ይቀልለታል። አሮጌ የከተማ ሕንጻ ከማደስ ይልቅ ዳርቻ ላይ አዲስ መገንባት አዋጪ ሆነ። ሳውዝዴል ከመከፈቱ ሦስት ወር ገደማ ቀደም ብሎ ደግሞ አይዘንሃወር 41,000 ማይል አውራ ጎዳና የሚያሠራውን ሕግ ፈረመ።

ኢዲና ራሷስ? በ1924 መሸጥ የጀመረው «ካንትሪ ክለብ» የተባለው ሰፈሯ፣ በቤቶቹ ውል ላይ ከነጭ በቀር ማንም እንዳይገዛ፣ እንዳይከራይ፣ እንዳይኖርበት ተጽፎበት ነበር፤ የቤት ሠራተኞች ሲቀሩ። ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ውል እንዳያስፈጽሙ በ1948 ተከለከሉ፤ የሰፈሩ መልክ ግን በውሳኔ ማግስት አይቀየርም። እንግዲህ አስቡት፦ ግሩን አደባባዩን የተከለው ያለ መኪና የማይደረስበት፣ ማን እንደሚኖርበት ቀድሞ በተጣራ አካባቢ ነው። በር ላይ ሰው የሚመልስ ጥበቃ አያስፈልገውም። ርቀቱ ይጠብቅለታል።

ከዚያ በኋላ ያለው የመባዛት ታሪክ ነው። ዴይተኖች ብሩክዴልን፣ ሮዝዴልን፣ ሪጅዴልን እያከታተሉ ከፈቱ። በ1962 ደግሞ ታርጌት የሚባል ርካሽ መደብር ጀመሩ፤ ልጅየው አድጎ ወላጁን ዋጠ፣ ኩባንያው ዛሬ የሚጠራው በታርጌት ስም ነው። በ1992 ከሳውዝዴል ብዙም ሳይርቅ ብሉሚንግተን ላይ ሞል ኦፍ አሜሪካ ተከፈተ፤ በውስጡ የልጆች መጫወቻ ባቡር የሚጋልብበት ግዙፍ ነገር። ከአገር ቤት የሄደ እንግዳ ሁሉ ተወስዶ ፎቶ የሚነሳው እዚያ ነው።

የእኔን የአግዳሚ ወንበር ጥያቄ የመለሰልኝም እሱ ነው። በ1996 ከእንስሳት ፀጉራም ቆዳ የሚሠራ ልብስን የሚቃወሙ ሰዎች በራሪ ወረቀት ይዘው ገቡና ያለፈቃድ በሰው ንብረት ላይ በመገኘት ተከሰሱ። ክርክራቸው ቀላል ነበር፦ ይህ ሞል ሲሠራ የሕዝብ ገንዘብ ገብቶበታል፣ ሕዝብም ይሰበሰብበታል፣ ስለዚህ እንደ አደባባይ ይቆጠር። የሚኒሶታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1999 አይቆጠርም አለ። የግል ንብረት ነው፤ የመናገር መብት ከበሩ ውጭ ነው።

ግሩን ይህን ለማየት አልደረሰም። በ1968 ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ቪየና ተመልሶ፣ የመሀል ከተማው መንገዶች ለእግረኛ እንዲተዉ መወትወት ያዘ። እዚያው እያለ በ1976 ከቪየና በስተደቡብ፣ ልክ የእሱን ሥራ የሚመስል ግዙፍ ሞል ተከፈተ፤ የከተማውን ነጋዴ ገበያ የሚሻማ። በ1978 ለንደን ላይ ባደረገው ንግግር የሞሎች አባት መባልን አልቀበልም፣ ለእነዚህ ዲቃሎች ቀለብ አልቆርጥም ብሎ ካደ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሞተ። እኔ ክህደቱን ግማሹን ብቻ ነው የምቀበለው። አደባባዩን ለአከራይ አስረክቦ አከራዩ እንደ ማዘጋጃ ቤት እንዲያስብለት መጠበቁ የእሱ ጥፋት ነው።

የእኛዎቹ ሞሎች ቅርጻቸው ሌላ ነው። ዙሪያቸውን ሰፊ ማቆሚያ የላቸውም፤ መንገድ ዳር ወደ ላይ የቆሙ ፎቆች ናቸው፣ ታክሲ በራቸው ላይ ያወርዳል። ስለዚህ የአሜሪካ መከራ ሁሉ ይደርስብናል ብዬ አላስፈራራም። ግን ከተማው እየፈረሰ እየተሠራ ባለበት በዚህ ሰዓት፣ ፒያሳ በ2024 ያ ሁሉ ቤት ከተነሳ በኋላ፣ የሕንጻ ንድፍ ሲታየን ዛፉንና ወንበሩን ብቻ አይተን አናጨብጭብ። ወንበሩ ያረፈበት መሬት ካርታ በማን ስም ነው?

ሳውዝዴል ዛሬም አለ። ትልቅ መደብር የነበረበት ቦታ ላይ በ2019 ግዙፍ ጂም ተከፍቷል፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት ደግሞ ከማቆሚያው ቆርሰው አፓርታማ ሠርተውበታል፤ ግሩን በወረቀት ላይ ካሰፈረው ስድሳ ዓመት ገደማ ዘግይቶ። ኢዲና አካባቢ የምትኖሩ ካላችሁ አንድ ነገር ሞክሩልኝ፦ ምንም ሳትገዙ መሀሉ ላይ ተቀመጡና ስንት ደቂቃ እንደቆያችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የእኔ ሃያ ነበር።