የወንጀል ስፍራ ጥበቃና የፎረንሲክ ማስረጃ፦ ከአውጫጭኝ እስከ ቤተ ሙከራ

የፎረንሲክ ምርመራ በወንጀል ስፍራ የተገኘ የጣት አሻራ፣ የጫማ ምልክት፣ ደም፣ ፀጉር፣ ሰነድ ወይም የጥይት ቀለህ በሳይንሳዊ ዘዴ ተመርምሮ ለፍርድ ቤት በማስረጃነት የሚቀርብበት አሠራር ነው። ውጤቱ የሚታወቀው በቤተ ሙከራ ቢሆንም፣ ምርመራው የሚሳካ መሆን አለመሆኑ በአብዛኛው የሚወሰነው ቀደም ብሎ፣ ድርጊቱ በተፈጸመበት ቦታ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታት ነው። በእነዚያ ሰዓታት ደግሞ በስፍራው የሚገኘው ባለሙያ ሳይሆን የአካባቢው ነዋሪ ነው።

ይህ እውነታ በደቡብ ወሎ ዞን በአምባሰል ምድር እንደምትገኘው ግሸን ባሉ ቦታዎች ጎልቶ ይታያል። ግሸን በመስቀል ቅርጽ በተዘረጋ ገደላማ አምባ ላይ የተቀመጠች ስትሆን፣ መስከረም 21 ቀን በሚከበረው ዓመታዊ በዓል ከመላ ሀገሪቱ የሚመጡ ምእመናን ይሰበሰቡባታል። ዳገቱ፣ ከከተማ መራቋና የሕዝቡ ብዛት የመርማሪ ፖሊስን ሥራ የሚያዘገዩ ናቸው። በአንጻሩ ወደ አምባው የሚያስገባው በር ጠባብ መሆኑ ለምርመራ የሚጠቅም ነገር አለው፤ ማን እንደገባና ማን እንደወጣ መከታተል ሜዳ ላይ ካለ ሰፈር ይልቅ ይቀላል።

በወሎም ሆነ በሌሎች የሰሜንና የመካከለኛው ኢትዮጵያ አካባቢዎች ያልታወቀ ወንጀለኛ የሚፈለግበት ነባር ሥርዓት አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ ይባል ነበር። ስርቆት፣ ቃጠሎ ወይም ግድያ ሲደርስ የአካባቢው ሰው በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል። የተመረጡ ሽማግሌዎች እያንዳንዱን ሰው ለብቻው እየጠሩ በመሐላ ይጠይቃሉ። የጠቋሚው ስም አይነሳም፤ «ወፍ» ተብሎ ብቻ ይጠራል። ወንጀለኛው ካልታወቀ የጉዳቱን ካሣ ኅብረተሰቡ በጋራ የሚከፍልበት ሁኔታም ነበር።

ሥርዓቱ በዘመኑ የራሱ ብልሃት ነበረው፤ ፖሊስ በሌለበት ቦታ ምስጢር የሚያውቅ ሰው ሳይፈራ እንዲናገር ያስችል ነበር። ሆኖም ስሙ በማይታወቅ ሰው የተጠቆመ ተከሳሽ ምስክሩን መጠየቅ አይችልም። ያልበደለውም ከበደለው ጋር ይከፍላል፤ ቂም ያለውም በዚያው መንገድ ቂሙን ሊወጣ ይችላል።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ምርመራን የፖሊስ ኃላፊነት አድርጎ ደነገገ። የሕጉ አንቀጽ 34 ለምርመራ አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ የተከሳሹ አካል በሐኪም እንዲመረመር፣ የደም ምርመራም እንዲደረግ ፈቅዷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው እንዲያምን እንደማይገደድና በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው አረጋግጧል። መርማሪው ከተጠርጣሪው አንደበት ይልቅ በግዑዝ ማስረጃ ላይ እንዲያተኩር የሚያስገድደው ይኸው ድንጋጌ ነው።

ችግሩ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። አውጫጭኝ የሚሠራው ሰው በመሰብሰቡ ነው፤ ፎረንሲክ የሚበላሸውም ሰው በመሰብሰቡ ነው። ዛሬም እሪታ ሲሰማ ጎረቤት ተጠራርቶ ይደርሳል፤ የወደቀውን ያነሳል፤ የተሰበረውን በር ይነካል፤ ደሙን ያጥባል። የሚደረገው ሁሉ በቅንነት ነው፤ ነገር ግን የወንጀለኛው አሻራ በሃምሳ ሰው አሻራ ሥር ይቀበራል።

ስለዚህ የተጎዳን ሰው ማዳን ከሁሉ የሚቀድም ሆኖ፣ ከዚያ በኋላ ቦታውን በገመድ ወይም በእሾህ አጥሮ አንድ መግቢያ ብቻ መተው፣ የገባውንም ሰው ስም መመዝገብ ይገባል። የጫማ ምልክት ዝናብ እንዳያጠፋው ሣፋ ወይም ሌላ ጎድጓዳ ዕቃ ሊደፋበት ይችላል። በስልክ ፎቶግራፍ ማንሳት የሚቻል ከሆነ ከምልክቱ ጎን ማስመሪያ ወይም ሳንቲም አስቀምጦ፣ ሳይነኩ፣ ከአናት ቀጥ ብሎ ማንሳት መጠኑን ለማወቅ ይረዳል። ዕቃዎችን ማንሳት የፖሊስ ተግባር ነው። ደም የነካው ልብስ በፌስታል ታሽጎ መቀመጥ እንደሌለበት ግን ማንም ሊያውቀው ይገባል፤ እርጥበቱ ታፍኖ ዘረመሉን ያበላሸዋል፤ በአየር ደርቆ በወረቀት ሲጠቀለል ይቆያል። ከዚያ በኋላ ኤግዚቢቱ በማን እጅ እንደቆየና ለማን እንደተላለፈ በፊርማ ካልተመዘገበ፣ ጥሩ የተባለ የቤተ ሙከራ ውጤት እንኳ በችሎት ጥያቄ ይነሳበታል።

አጠራጣሪ ሞት ሲያጋጥም ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። አስከሬንን አጥቦ፣ ገንዞ፣ በዕለቱ መቅበር በሕዝቡ ዘንድ ጽኑ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ በጥፍር ሥር የቀረ ቆዳ፣ በአንገት ላይ ያለ ምልክት፣ በልብስ ላይ ያለ የባሩድ ቅሪት በእጥበት ይጠፋል። ለረጅም ጊዜ የአስከሬን ምርመራ በአብዛኛው የሚከናወነው በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ስለነበር፣ ከደሴ እንኳ 401 ኪሎ ሜትር አስከሬን ይዞ መጓዝ ለቤተሰብ ከባድ ሸክም እንደነበር አይካድም። የቀብር መዘግየት ሐዘን ላይ ሐዘን እንደሚጨምር የሚታወቅ በመሆኑ፣ ፖሊስና የሃይማኖት አባቶች ለቤተሰቡ ምክንያቱን በአክብሮት ማስረዳት ይጠበቅባቸዋል። ሳይመረመር የተቀበረ አስከሬን በኋላ እንዲወጣ ሲታዘዝ የሚደርሰው ሐዘን ከመጀመሪያው የባሰ ነው።

የመደፈር ጥቃት የደረሰባት ሴት ወይም ሕፃን ሳትታጠብና ልብሷን ሳትቀይር በቶሎ ወደ ጤና ተቋም እንድትሄድ መርዳት ያስፈልጋል። ልብሷን ቀይራ ከሆነም ሳይታጠብ ይዛው ትሂድ። ኤችአይቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር ያለበት በመሆኑ መዘግየት ማስረጃን ብቻ ሳይሆን ጤናንም ይጎዳል። ብትታጠብም፣ ጊዜው ቢያልፍም ግን ሕክምናውም ሆነ አቤቱታው አይቀርም።

እንደ ግሸን ያሉ ጥንታዊ ቦታዎች ቅርሶቻቸውን በሚመለከት አንድ ሥራ አስቀድመው ሊያከናውኑ ይችላሉ። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቤልጂየም ተገኝቶ ሊመለስ ችሏል። መስቀሉ በሰፊው የሚታወቅ በመሆኑ የማንነቱ ጉዳይ አላከራከረም። በየገጠሩ ቤተ ክርስቲያን ያለ፣ ፎቶግራፍ ያልተነሳ የብራና መጽሐፍ ወይም መስቀል ግን በውጭ ሀገር ገበያ ቢገኝ እንኳ የማን እንደሆነ ማስረዳት አስቸጋሪ ነው። ቁመቱና ስፋቱ፣ የተሠራበት ነገር፣ በላዩ ያለው ጽሑፍ፣ በተለይም ስንጥቁ፣ ጥገናውና የሰም ጠብታው በፎቶግራፍ ተደግፎ ሊመዘገብ፣ ቅጂውም ከዕቃ ቤቱ ውጭ በሌላ ቦታ ሊቀመጥ ይገባል።