ማስተማርም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው

ልጅዎ «ዩኒቨርሲቲ ገብቼ መምህርነትን ልማር» ቢልዎ ምን ይሉታል? የጅቡቲ መንገድ በሚያልፍባት ሞጆአችን ንግዱና ትራንስፖርቱ ዓይን ይስባል፤ የመምህር ደመወዝ ግን አይስብም። ስለዚህም ብዙ ወላጅ «ሌላ አጣህ?» ይላል። ከመፍረዳችን በፊት እስቲ ታሪክን እንጠይቅ።

በ2ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ ከበድር ዘመቻ በኋላ፣ ሙስሊሞች ድሆች ነበሩ፤ የምርኮኛ ቤዛ ገንዘብ እጅግ ያስፈልጋቸው ነበር። ሆኖም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ገንዘብ ለሌላቸው፣ መጻፍ ግን ለሚችሉ ምርኮኞች ሌላ ቤዛ ቆረጡ፦ እያንዳንዱ አሥር የመዲና ልጆችን ጽሕፈት አስተምሮ ነጻ እንዲወጣ። ከተማሩት አንዱ ዘይድ ኢብን ሣቢት (ረ.ዐ.) እንደነበሩ ተዘግቧል። ኋላ ቁርኣንን የማሰባሰቡ አደራ የተጣለው በእኚሁ ሰው ላይ ነው። ማስተማር ያፈራውን ፍሬ ይመልከቱ!

በ3ኛው ክፍለ ዘመነ ሒጅራ የቀይረዋኑ ዓሊም ሙሐመድ ኢብን ሰሕኑን ስለ መምህራን ሥነ ምግባር ኪታብ ጻፉ። የድሃና የሀብታም ልጅ እኩል እንዲታይ፣ ቅጣት ልክ እንዲኖረው፣ የመምህሩ ክፍያም ሥርዓት እንዲይዝ አስረዱ። ቁርኣንን መሐፈዝ አንድ ነገር ነው፤ ለሕፃን ማስተማር ደግሞ ሌላ ኃላፊነት ነው። በአገራችን መስጊዶችም ከፍ ያለው ደረሳ ጀማሪውን እያስቀራ ማስተማርን ይለማመድ ነበር።

በዘመናዊው ትምህርት ቤትም ነገሩ አልተለየም። በ1944 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ላይ የመምህራን ማሠልጠኛ ተከፈተ። በእኛ አቅራቢያ ደግሞ በ1993 የተቋቋመው ናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ በ2003 የቴክኒክ መምህራን የሚሠለጥኑበት ኮሌጅ ሆነ፤ በ2006 አዳማ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ብረት መበየድ የሚያውቅ ሁሉ ብየዳን ማስተማር አያውቅምና! በ2022ም ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ተደራጀ።

ለመምህርነት የሚማር ተማሪ የሚያጠናው ይህንኑ ነው፦ ልጅ እንዴት እንደሚረዳ፣ ትምህርት እንዴት እንደሚታቀድ፣ ፈተና እንዴት እንደሚዘጋጅ። ከዚያም ክፍል ገብቶ ይለማመዳል።

የመምህር ኑሮ ይሻሻል ማለት ተገቢ ነው፤ ኢብን ሰሕኑንም ክፍያውን አልዘነጉትም። ነገር ግን ወላጆች ሆይ! ለልጆቻችን ጎበዝ መምህር እንሻለን፤ ጎበዙን ልጃችንን ግን ከመምህርነት እናሸሻለን። ታዲያ ያ መምህር ከማን ቤት ይምጣ? ልጅዎ ወዶ ከመረጠው ዱዓ ያድርጉለት፤ በወጪውም ያግዙት። ነገ ከፊቱ ቁጭ ብሎ የሚማረው የልጅ ልጅዎ ሊሆን ይችላል።