አንጋፋ ኩባንያ አዲስ መስክ ሲመርጥ፦ የኤች.ቪ.ኤ. ውሳኔ በአዋሽ ሸለቆ



ከዚህ ከጌዶ ወደ ሰሜን የሚታጠፈው መንገድ ወደ ፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ያደርሳል። ስኳር የጫኑ መኪኖች ሲያልፉ ባየሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመላለስብኛል። ሸንኮራን በሰፊው አልምቶ ለፋብሪካ ማቅረብ በአገራችን አዋጭ ነው ብሎ ቀድሞ የወሰነው ማን ነበር? በምንስ መዝኖ?

ውሳኔው ከአምስተርዳም የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1879 የተቋቋመው ኤች.ቪ.ኤ. በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ በሰፋፊ እርሻዎች የከበረ የደች ኩባንያ ነበር። በ1949 ኔዘርላንድስ የኢንዶኔዥያን ነፃነት ስትቀበል፣ ኩባንያው ሀብቱን የሚያሳርፍበት ሌላ አገር መፈለግ ግድ ሆነበት። አዲስ ሙያ አልጀመረም፤ የሚያውቀውን ሸንኮራ ይዞ አገር ለወጠ። በ1951 ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋዋለ፤ በ1954 የወንጂ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። የመጀመሪያው ውጤቱን ካሳየ በኋላ በ1962 የሸዋ፣ በአሥርቱ ዓመታት ማብቂያ ላይ ደግሞ የመተሐራ ፋብሪካ ተከተሉ።

በአዋጭነት ሚዛን ምርጫው የሚነቀፍ አይደለም። የተፈተነ ሙያ፣ የአዋሽ ውሃና ስኳር ከውጭ የሚሸምት ገበያ በአንድነት ተገኝተዋል። ይሁን እንጂ መሬቱ ባዶ አልነበረም። በወንጂ የጅሌ ኦሮሞዎች፣ በመተሐራም በበጋ ከብቶቻቸውን ወንዙ ዳር ያሰማሩ የነበሩ የከረዩ አርብቶ አደሮች ይዞታቸውን አጡ።

በ1957 በኢንዶኔዥያ የደች ኩባንያዎች ንብረት ተያዘ፤ በማግስቱ ዓመትም በሕግ ተወረሰ። ኤች.ቪ.ኤ. ማስጠንቀቂያውን በገዛ ቤቱ አይቶ ሳለ፣ በአዋሽም በዚያው ዓይነት ይዞታ መስፋፋቱን ቀጠለ። በ1975 ደርግ ፋብሪካዎቹን ወረሰ።

ተማሪዎቼ፣ «አብዮትን ማን ይተነብያል?» ይሉኛል። ቀኑን ማንም አይተነብይም። ነገር ግን ኩባንያው አገር ሲለውጥ ስጋቱን አብሮ እንዳጓዘ መዝገቡ ይመሰክራል። ደግሞም ውርሱ ለተፈናቀሉት ፍትሕ አላመጣም፤ ባለቤቱ ተለወጠ እንጂ መሬቱ አልተመለሰላቸውም። ፋብሪካዎቹ ከኩባንያው በኋላ ለአሥርት ዓመታት ስኳር አመረቱ፤ የአርብቶ አደሩ ቅሬታም አብሯቸው ዘለቀ።

ከእናንተ መካከል ነገ በባንክ ወይም በኩባንያ ቦርድ ተቀምጦ አዲስ ፕሮጀክት የሚያጸድቅ አይጠፋም። የአዋጭነት ጥናቱ ሲቀርብላችሁ ገበያውንና ትርፉን መርምሩ። ከመፈረማችሁ በፊት ግን በዚያ መሬት ላይ ማን እንዳለና ከትርፉ ምን እንደሚደርሰው ጠይቁ።