ፕሮፖዚሽን 65

ፕሮፖዚሽን 65 ካንሰር የሚያስከትሉ፣ ጽንስን ወይም የመውለድ አቅምን የሚጎዱ ኬሚካሎችን ለመቆጣጠር የወጣ የካሊፎርኒያ ግዛት ሕግ ነው። መደበኛ ስሙ የንጹሕ መጠጥ ውሃና የመርዛማ ኬሚካሎች ቁጥጥር ማስፈጸሚያ ሕግ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 1986 የግዛቲቱ መራጮች በ63 በመቶ ገደማ ድምፅ አጽድቀውታል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።)

ሕጉ 10 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸውን ድርጅቶች በሁለት ነገር ይገዛል። ግዛቲቱ በሕጉ መሠረት ባወጣችው የአደገኛ ኬሚካሎች ዝርዝር ውስጥ የሰፈረ ኬሚካል ወደ መጠጥ ውሃ ምንጭ መልቀቅ አይችሉም፤ ሰውንም ግልጽ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጡ፣ እያወቁ ለኬሚካሉ ማጋለጥ አይችሉም። ዕቃው እንዳይሸጥ ግን ሕጉ አይከለክልም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ማስጠንቀቂያ የተለጠፈበት ዕቃ ሁሉ የታገደ ወይም የተመረዘ ይመስለዋል።

ሕጉን ከሌሎች የሚለየው የማስረዳት ሸክሙን ማዞሩ ነው። በተለመደው አሠራር የአንድን ኬሚካል መጠን ጎጂነት የሚያስረዳው መንግሥት ነው፤ ጥናቱ በዘገየ ቁጥር ሰው እየተጎዳ አምራቹ ይሸጣል። በካሊፎርኒያ ግን ኬሚካሉ አንዴ ዝርዝሩ ውስጥ ከገባ፣ መጠኑ ከአደጋው ወለል በታች መሆኑን የሚያስረዳው ድርጅቱ ነው። መዘግየቱ አምራቹን ራሱን ይጎዳዋል። የካንሰር ወለሉ እንዲህ ይሰላል፤ 100,000 ሰዎች 70 ዓመት ሙሉ በየቀኑ ቢጋለጡ ከመካከላቸው ከአንድ በላይ ተጨማሪ ሰው በካንሰር የማይያዝበት መጠን ነው። ለመውለድና ለጽንስ ጉዳት ደግሞ በጥናት ምንም ጉዳት ያልታየበት መጠን ተወስዶ ለ1,000 ይካፈላል። በዚህ ስሌት ለእርሳስ የተፈቀደው በቀን 0.5 ማይክሮግራም ብቻ ነው።

ዝርዝሩ ራሱ በክርክር የተገኘ ነው። ሕጉን የተቃወሙት የግዛቲቱ ገዥ ጆርጅ ዱክሜጂያን በ1987 ባወጡት የመጀመሪያ ዝርዝር ያስገቡት 29 ኬሚካሎችን ብቻ ነበር። የሠራተኛ ማኅበራትና የአካባቢ ተቆርቋሪዎች ከሰሱ፤ ፍርድ ቤቱም በእንስሳት ላይ ካንሰር ማምጣታቸው የተረጋገጠ ኬሚካሎች ጭምር እንዲካተቱ ወሰነ። ዛሬ ዝርዝሩ ወደ 900 ይጠጋል፤ ቤንዚን፣ አስቤስቶስ፣ የትምባሆ ጭስና የአልኮል መጠጥ ሁሉ አሉበት።

ክስ የሚያቀርበው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ብቻ አይደለም። ማንኛውም ሰው የ60 ቀን ማስታወቂያ ሰጥቶ በሕዝብ ስም መክሰስ ይችላል። ቅጣቱ ለአንድ ጥፋት በቀን እስከ 2,500 ዶላር ሲደርስ፣ ከሳሹ የቅጣቱን 25 በመቶ ያገኛል። ይህ በር ሕጉን ጥርስ ያለው አድርጎታል፤ ለጤና ሳይሆን ለገንዘብ የሚሯሯጡ ከሳሾችንም አብሮ አስገብቷል። ክሱን የፈሩ ነጋዴዎች ምንም ሳያስመረምሩ ማስጠንቀቂያ ይለጥፋሉ። በየሆቴሉ፣ በየመኪና ማቆሚያው የተለጠፈ ጽሑፍ ደግሞ ውሎ አድሮ የሚያነበው ያጣል፤ እውነተኛውም አደጋ አብሮ ይሸፈናል።

የቡና ክስ የዚህ ሁሉ ማሳያ ነው። ቡና ሲቆላ በፍሬው ውስጥ ያለው ስኳርና አስፓራጂን የተባለው አሚኖ አሲድ በሙቀት ተዋሕደው አክሪላማይድ ይፈጥራሉ። በፋብሪካም ሆነ በቤት ምጣድ የተቆላ ቡና ከዚህ አያመልጥም። አክሪላማይድ በ1990 ከካንሰር አምጪዎች ዝርዝር ስለገባ፣ በ2010 ስታርባክስና ሌሎች ቡና ሻጮች ተከሰሱ። በ2018 የሎስ አንጀለስ ዳኛ በነጋዴዎቹ ላይ ፈረዱ። ቡናው ካንሰር ማምጣቱ ስለተረጋገጠ አልነበረም፤ ነጋዴዎቹ የተጣለባቸውን የማስረዳት ሸክም ስላልተወጡ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ግን በ2016 ከ1,000 በላይ ጥናቶችን መርምሮ ቡና ካንሰር ለማምጣቱ በቂ ማስረጃ አላገኘም ነበር። በመጨረሻ ግዛቲቱ በ2019 ቡና የካንሰር ማስጠንቀቂያ እንደማያስፈልገው በልዩ ደንብ ወሰነች።

የሕጉ ትልቁ ፍሬ ግን በማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ላይ አይታይም። ብዙ አምራቾች ማስጠንቀቂያውን ከመለጠፍ ይልቅ ኬሚካሉን ማውጣት መርጠዋል። ከሸክላና ከሴራሚክ ሳህን ቅብ፣ ከካልሲየም እንክብልና ከልጆች ከረሜላ ውስጥ እርሳስ የቀነሰው በዚህ መንገድ ነው። በ2012 ኮካ ኮላና ፔፕሲ በካራሜል ቀለማቸው ውስጥ የነበረውን ፎር-ሜቲልኢሚዳዞል የተባለ ውህድ ለመቀነስ አሠራራቸውን ለውጠዋል። የዚህ ዓይነቱ ለውጥ ብዙ ጊዜ ከካሊፎርኒያ ውጪ ያለውንም ሸማች ይጠቅማል፤ ለአንድ ግዛት ብቻ ለየት ያለ ምርት ማውጣት ለፋብሪካ ወጪ ነውና።

ከ2018 ጀምሮ ማስጠንቀቂያው በአብዛኛው ቢጫ ሦስት ማዕዘን ምልክት እንዲኖረውና፣ በወቅቱ ከአጭሩ የማስጠንቀቂያ ዓይነት በስተቀር፣ ቢያንስ የአንድ ኬሚካል ስም እንዲጠቅስ ተደርጓል። በ2017 ዝርዝሩ ውስጥ የገባው ግላይፎሴት የተባለው የአረም ማጥፊያ ግን ሌላ ክርክር አስነሥቷል። በ2023 የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ሳይንቲስቶች ባልተስማሙበት ጉዳይ አምራቹ ምርቱ ካንሰር ያመጣል ብሎ እንዲጽፍ ማስገደድ የመናገር ነጻነትን ይጥሳል ሲል ፈረደ።