የጋራዥ ምርኮ

ከእንጦጦ ግርጌ፣ ቁስቋም ባለው ግቢያችን፣ አባቴ የተዉልኝ አሮጌ ላንድሮቨር ቆሟል። ባለፈው እሑድ በክሪክ አንስቼ፣ የተበላውን የባሌስትራ ቦኮላ በመዶሻ እየመታሁ ሳወጣ አንድ ነገር ከነከነኝ፤ መኪናው የእንግሊዝ፣ የዕቃው ስም ግን የጣሊያን!

ላንድሮቨር ለዓለም የታየው በ1940 ዓ.ም. ነው። ከጦርነቱ በኋላ ብረት በማነሱ አካሉን በአሉሚኒየም ሠሩት። ጣሊያን ግን ቀድሞት በ1928 ዓ.ም. ከነካሚዮኑ ገብቶ ነበር። በ1933 ዓ.ም. ድል ከሆነ በኋላም ጋራዥ ከፍተው የቀሩ ጣሊያኖች ነበሩ። ባሌስትራ፣ ቦኮላ፣ ፍሪሲዮን፣ ሞርሳ የሚሉት ቃላት ከመካኒኮቻችን አፍ አልወጡም።

አያቴ አርበኛ ነበሩ። የጠላታቸውን ቃል አባቴ ከጋራዥ ተማሩት፤ እኔም ከአባቴ ወረስኩት። ይህ ያሳፍራልን? አንድ ጊዜ አባቴን ጠይቄያቸው ነበር። «ጠመንጃውን ማርከን ተኩሰንበት የለም?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ጣሊያን «ካቻቪቴ» ያለውን አማርኛ ሞርዶ «ካቻቢቴ» አደረገው። ምርኮኛ የማራኪውን ልብስ ይለብሳል።

አዲሱን ቦኮላ በሞርሳ ተጭኜ አስገባሁት። ሲመሽ ልጄ መብራት ይዞልኝ «አባዬ፣ ይሄ ምን ይባላል?» አለኝ። ነገርኩት፤ የአያቱንም መልስ ጨመርኩለት።